መርዶ በደብዳቤ አይነገርም

ባሌ ግንበኛ ነበር። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ኋላ ከአጎቱ ጋር ድንጋይ መጥረብ ጀመረና ያው ሙያው ሆኖ ቀረ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ የመኪና መንገድ ሲቀደድ፣ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እየተለቀመ ተወሰደ። እሱን የወሰዱት እኔ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ነው። ስመለስ መዶሻውና መሮው ከተሰቀሉበት የሉም። ጎረቤቴ ከአጥሯ ማዶ ሆና፣ «ወስደውታል፤ ድልድይ ሊሠራ ነው አሉ። ለሦስት ወር ነው» አለችኝ።

ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ እጁን የወደደለት አንድ የሥራ አለቃ አስመራ ድረስ ይዞት ሄደ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከገበያ ከሚመለስ ሰው አፍ፣ በቁርጥራጭ ነው።

እኔ ከከተማው ዳር ባለችው ቤታችን ቀረሁ። ልጅ ገና አልሰጠንም ነበር። እናቴን አላውቃትም፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ጣሊያን ሳይገባ ዐረፉ። የቀረኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ጠመንጃውን ይዞ ጉና ጫካ ገብቷል። ባሌ የጣሊያንን ድልድይ ስለሚሠራ የአርበኛ ዘመዶች ሸሹኝ፤ ወንድሜ ጫካ ስላለ ደግሞ ለጣሊያን ያደሩት ሸሹኝ። ለማኅበር የሚጠራኝ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት እሳት ልትጭር ትመጣ የነበረችው ያችው ጎረቤቴ እንኳ ሌላ ቤት ለመደች። አንድ ቀን ላሜን ልጠራ አፌን ብከፍት ድምፄ ሻክሮ ወጣ። ቆም ብዬ ባስበው ከሰው ጋር ካወራሁ አምስት ቀኔ ነበር።

ደብዳቤው የደረሰኝ ባሌ ከሄደ ከዓመት በኋላ ነው። አንድ የካሚዮን ነጂ ቅዳሜ ገበያ ላይ የግንበኛውን ሚስት እያለ ሲጠይቅ ውሎ አገኘኝ። ባሌ ንባብ እንጂ ጽሕፈት ብዙ አይሆንለትም፤ ፊደሎቹ እንደ ካብ ድንጋይ ትልልቅና ያልተስተካከሉ ነበሩ። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ደህና ነኝ። አንድ ክፍል ቤት አግኝቻለሁ። አገሬ ልግባ ብል አልለቀቁኝም። ሚስት ያለው ሰው ሚስቱን ማስመጣት ይችላል ብለውኛል፤ ጥያቄው ግን አንቺ ዘንድ ካለው ቢሮ መነሳት አለበት አሉኝ። የአለቃዬን ወረቀት አብሬ ልኬልሻለሁ። ቶሎ አድርጊ። ቀኑን ሥራው ይወስደዋል፤ ማታ ማታ ግን ከግድግዳው ጋር ነው የምጫወተው።»

ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬም ደገምኩት። ያን ጊዜ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ያለ ወረቀት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው መታሰሩ አይቀርም። ወረቀት የሚሰጠው የጣሊያኑ ሹም ነው፤ የሹሙ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ደግሞ አንድ ነገረ ፈጅ ተቀምጦ ይውላል። የሰው ጉዳይ ይዞ የሚጽፍ፣ ከአስተርጓሚው ጋር የሚነጋገር እሱ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፍ ነበርና እኔም ሄድኩ።

ሰውየው ጨዋ ነው። ነጠላዬን አይቶ መቀመጫ አስተካከለልኝ። የባሌን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሄደበትን ጊዜ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ የብዕሩን ጫፍ በምላጭ እየሳለ፣ ቀና ሳይል፣

«ወንድም አለሽ?» አለኝ።

ምን ያደርግለታል? ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው በጋ አንዲት ሴት ለዚህ ሰው ጉዳይዋን ዘርዝራ አጽፋ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጫካ የገባው አማቿ ቤት ተቃጠለ። ማን እንደተናገረ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠረጥር ግን ሞልቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

«ያለ እኔ ያ በር አይከፈትልሽም» አለኝ። አልተቆጣም፤ ዝናብ እንደሚመጣ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር።

እኔ ራሴ እንድጽፍ ያደረገኝ ድፍረት አይደለም። ፍርሃት ነው።

አባቴ ወንድሜን ሲያስተምሩ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ዳዊት ደግሜያለሁ። ሰው ሳያይ ደግሞ መጻፍ አስተማሩኝ። ሰው ሳያይ ያልኩት፣ በእኛ አገር የምትጽፍ ሴት ስትገኝ ጠንቋይ ናት መባሏ ስለማይቀር ነው። ሲሞቱ የቀለም ቀንዳቸውና መቃ ብዕራቸው ለእኔ ደረሰኝ። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ አዲስ በጠበጥኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ለንጉሥ የሚጻፍ ነው የሚመስለው፤ ሰላምታው ብቻ ገጹን ሞላው። ሁለተኛው ላይ የብቸኝነቴን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ጎረቤት እንደሸሸኝ፣ ለማን እንደምጋግር እንደማላውቅ። ሳነበው አፈርኩና ከእሳቱ ጨመርኩት። ሦስተኛው አጭር ነበር፤ ባሌ አስመራ ነው፤ እኔ ደብረ ታቦር ነኝ፤ ወደ ባሌ የምሄድበት ወረቀት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ቢሮው ደጃፍ አራት ቀን ቆምኩ። ከግንቡ ሥር ተሰልፈን እንውላለን፤ ፀሐዩ ሲዞር እኛም ከጥላው ጋር እንዞራለን። ነገረ ፈጁ ከዋርካው ሥር ያየኛል። በነጋታው ስመጣ ያየኛል፤ በሠልስቱም። በአራተኛው ቀን አስተርጓሚው ጠራኝ። የሐማሴን ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ፊቱ የማይፈታ። ወረቀቴን አነበበ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እኔ የምጠይቅሽ የጻፈውን ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ገለበጠና ብዕር ሰጠኝ። «እስቲ ጻፊ» አለኝ። «በስመ አብ ወወልድ» ብዬ ጀመርኩ። አየው። ብዕሩን ተቀብሎኝ ሦስት ነገር ነገረኝ። አንደኛው የባሌ አለቃ ወረቀት ነው፤ እሱን ይዣለሁ። ሁለተኛው በሕግ መጋባታችንን የሚያስረዳ፣ ማኅተም ያለበት ምስክርነት። ሦስተኛው ከተወለድኩበት አጥቢያ ጭቃ ሹም የሚጻፍ፣ የቅርብ ዘመድ ጫካ እንደሌለኝ የሚያረጋግጥ።

«ሦስቱ ሲሟሉ ሹሙ ይጠይቁሻል» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

የተወለድኩት ጉና ግርጌ ነው፤ ከደብረ ታቦር የአንድ ቀን የእግር መንገድ። ስንቄን ቋጥሬ በማለዳ ወጣሁ። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ብርዱ ነጠላዬን ዘልቆ ይገባል። መጀመሪያ ያቆረቡንን ቄስ አገኘሁ፤ አርጅተዋል።

«አባ፣ በቁርባን ያጋቡን እርስዎ ነዎት። ይህንኑ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ለጣሊያን ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።»

«ለጣሊያን አይደለም አባ። ለባሌ ነው።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ቁራጭ ብራና አመጡና ጻፉ፤ የደብሩንም ማኅተም አሳረፉበት። ስቀበላቸው ሙሉውን በግዕዝ ነው የጻፉት። አማርኛ ቢሆን ይሻላል ልላቸው አሰብኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። አስተርጓሚው ግዕዝ እንደማያውቅ ኋላ ስለተረዳሁ ራሴ ከሥሩ በአማርኛ ተርጉሜ ጻፍኩለት።

የጭቃ ሹሙ ነገር ግን በትርጉም የሚያልቅ አልነበረም። አባቴን የሚያውቅ፣ ወንድሜን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድምሽ ጫካ መግባቱን አገር ያውቃል። የለም ብዬ ብጽፍ ተጋልጬ አንገቴ ይቀላል። አለ ብዬ ብጽፍ ወረቀትሽ ይቀራል።» ትንሽ አሰበ። «ሞቷል የተባለ እንደሆነ ግን ሰው ይሞታል። ማን ጉድጓድ ቆፍሮ ያያል? አንቺ ጻፊው፤ እኔ አትምበታለሁ።»

«በቁሙ?»

«እኔ መንገዱን ነው የነገርኩሽ።»

ወንድሜን ራሱን ሳልጠይቅ አላደርገውም አልኩ። ያገኘሁት በነጋታው፣ ከዚያ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ፣ የአንድ ጓደኛውን ድንች ሲቆፍር ነው። ጠመንጃው ከትልሙ ጫፍ ተጋድሟል። ጢሙ አድጓል። ከባሌ ጋር አንድ ቆሎ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ አንድ አቁማዳ ይዘው የለመኑ ናቸው፤ ስለ ባሌ ደህንነት አስቀድሞ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። መቆፈሩን አላቆመም።

«ከጣሊያን ደጅ ስንት ቀን ቆምሽ?»

«አራት።»

«አራት ቀን» አለ። አንድ ሥር ድንች ነቅሎ አፈሩን አራገፈ። «በይ ጻፊው።»

«ወንድም ጥላዬ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ሞተ በያ። ለእኔም ሳይሻል አይቀርም። የሞተ ሰው አይፈልጉም፤ የሞተ ሰው ሚስት አያስጨንቁም።» ሚስቱ በዚያን ጊዜ አንበሳሜ አጠገብ ከወላጆቿ ዘንድ ነበረች። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። በጥይት ሞተ አትበይ፤ ጣሊያን ገደልኩት ብሎ እንዳይፎክርብኝ። ተስቦ ነው በይ።»

ድንች በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረልኝና ግንባሬን ስሞኝ ወደ ላይ ወጣ። ዞሮ አላየኝም።

ጭቃ ሹሙ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። የወንድሜን ስም፣ የአባታችንን ስም፣ ከዚያ «በተስቦ ታሞ ዐረፈ» የሚለውን። ጭቃ ሹሙ ማኅተሙን በጥላሸት ቀብቶ ተጫነበት፤ አለቀ። ወደ ደብረ ታቦር ስወርድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ ደክሞኝ አልነበረም። ቤት ገብቼ ድንቹን ቀቀልኩ፤ መብላት ግን አቃተኝ። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይመጣል፤ ይለቀሳል፤ ንፍሮ ይበላል። ወንድሜ አልሞተምና ማልቀስ አልችልም። ሞቷል ብዬ ጽፌያለሁና መሳቅም አልችልም። የሚያወራኝ ሰው ባገኝ እንኳ የምናገረው ነገር አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ብቸኛ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና ነበርኩ።

ወረቀቶቹ ከገቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሹሙ ዘንድ ቀረብኩ። ወጣት ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። ጥያቄ በጥያቄ ላይ አወረደብኝ፤ አስተርጓሚው ይተረጉማል። የባልሽ ቁመት ምን ያህል ነው? የጎደለ ጥርስ አለው? መዶሻ የሚይዘው በየትኛው እጁ ነው? የቤታችሁ በር ወዴት ይዞራል? መጀመሪያ የተያያችሁት የት ነው? ከዘመድ ማን አለሽ? እኔም ሰው ጠይቆኝ የማያውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ባሌ ሲናደድ ጆሮው እንደሚቀላ፣ ሽሮ ሲበላ ነጭ ሽንኩርቱን ለቅሞ እንደሚያወጣ ሳይቀር አወራሁ። አስተርጓሚው ይህን የተረጎመው አይመስለኝም።

«ጥያቄው ለባልሽም አስመራ ይላካል። መልሳችሁ አንድ ከሆነ ወረቀቱ ይሰጥሻል» ተባልኩ።

ስወጣ ነው የገባኝ። ባሌ ወንድሜ ሞተ መባሉን አያውቅም። ልጽፍለት አልችልም፤ ደብዳቤ ሁሉ እየተከፈተ ይነበባል። በሰው አፍ ልላክ ብል ማንን አምኜ?

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ካሚዮን መምጣት አቆመ። ጉም ከጠዋት እስከ ማታ ቤቴን ከቦ ይውላል፤ ከደጄ የቆመችው ላም እንኳ አትታየኝም ነበር። ባሌ ከአንድ ሌላ ሹም ፊት ቆሞ «ሚስትህ ከዘመድ ማን አላት?» ሲባል ይታየኛል። ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። ጆሮው ሳይቀላ፣ ደስ ብሎት፣ «አንድ ወንድም አላት፤ ጓደኛዬ ነው» እንደሚል አውቃለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተጠራሁ። ሹሙ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቷል። ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገረ ለአስተርጓሚው ተናገረ።

«ሁሉም አንድ ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «ቁመቱ፣ ጥርሱ፣ በሩ ሁሉ። አንድ ነገር ብቻ ተለያየ። አንቺ ወንድሜ ሞቷል ብለሻል። ባልሽ አንድ ወንድም አላት፣ በሕይወት አለ ብሏል። ሹሙ ማንኛችሁ ነው የዋሸው ይላሉ።»

መልስ አላዘጋጀሁም ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ስፈራ እንጂ ሳስብ አልከረምኩም። ምላሴ ግን ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ባሌ አያውቅም ጌታዬ።»

«ትጻጻፉ የለም እንዴ?»

«እንጻጻፋለን። መርዶ ግን በደብዳቤ አይነገርም። መርዶ በሰው አፍ ነው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ቆሞ። እሱ እዚያ ማን አለው? ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ወንድምህ ሞተ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?»

ይህን ስናገር እንባዬ መጣ፤ የውሸት አልነበረም። ማንን እንዳለቀስኩ ግን እኔም አላውቅም።

አስተርጓሚው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሮ ተናገረ፤ እኔ ከተናገርኩት እጅግ የረዘመ ነበር። ምን እንደጨመረበት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አምኖኝ ይሁን አዝኖልኝ እሱንም አላወቅኩም። ሹሙ አዳመጠ፤ አንድ ነገር ጻፈ፤ ፊርማውን አኖረ።

«ሹሙ ነፍስ ይማር ይላሉ» አለኝ አስተርጓሚው። «ወረቀቱ ይሠራልሻል። ባልሽም መርዶውን እንዲያውቅ ለአስመራው ቢሮ ይጻፋል።»

አይጻፍ ልል አልችልም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልናገር። ወረቀቱ በጥር ደረሰኝ። ክንዴን ለፈንጣጣ ከተቡኝ። ላሜን ለአንድ ዘመድ በአደራ ሰጠሁ። የምሄድ ዕለት ጎረቤቴ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጄን ረግጣ ድርቆሽ በአገልግል ይዛልኝ መጣች። «ጎረቤት ሆኜ አልቆየሁሽም» አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። መሸኛዬ ያ ብቻ ነበር።

ካሚዮኑ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኜ ጎንደር፣ ከጎንደር ሊማሊሞን ወርደን አስመራ ገባን። ባሌ ከማራገፊያው ቆሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ራሱን ተላጭቷል፤ ከል ለብሷል። ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝና፣ «ወንድማችንን፣ ወንድማችንን» እያለ በሰው መሀል ማልቀስ ጀመረ። ከጎኔ ከደብረ ታቦር ጀምሮ አብረውኝ የመጡ ሁለት ወታደሮች አሉ። ምን ላድርግ? እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሰው ከበበን። አንዲት የማላውቃት ሴት በማላውቀው ቋንቋ እያጽናናች ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

ክፍሉ ገብተን በሩ ሲዘጋ በጆሮው ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀመጠና ወለሉን አየ።

«አልሞተም?»

«አልሞተም። ራሱ ነው ጻፊ ያለኝ።»

«መርዶውን የነገረኝ አንድ የጣሊያን ጸሐፊ ነው» አለ። «ወረቀት እያነበበ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መዶሻዬን እንደያዝኩ። ሰባት ቀን እዚህ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሰው የለም። ፍትሐት አስፈታሁ። ለእሱ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት፤ አንቺ እዚያ ብቻሽን ቀረሽ እያልኩ ነው።»

ሁለት ቀን አላናገረኝም። አልፈረድኩበትም። ከሉን ግን ማውለቅ አልቻለም፤ የሥራ አለቃውም ጎረቤቱም መርዶውን ያውቃሉ። እኔም ጥቁር አጥልቄ ዓመቱን ሙሉ በሕይወት ላለ ሰው ሐዘን ተቀመጥን። እሱ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ብቻውን መኖር ለምዶ ነበርና ቆሞ ይበላል፤ ሳያወራኝ ይተኛል። እኔ የሰፈሩን ቋንቋ እስክለምድ ድረስ ከዚያች ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋር እውላለሁ። እዚህ ለመድረስ ያን ሁሉ ወረቀት ጽፌ! አንዳንድ ቀን እስቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን አልስቅም። ቀስ በቀስ ግን መልሰን ተላመድን። መጀመሪያ ያሳቀው ነገር የሹሙ ጥያቄ ነው፤ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ መናገሬን ስነግረው ጆሮው ቀላ።

ከዚያ እንግሊዝ መጣ፤ ጣሊያን ለቀቀ። ክረምቱ እንዳለፈ ከፊሉን በካሚዮን ከፊሉን በእግር ወደ አገራችን ገባን። ወንድሜ በሕይወት ነበር። እግሩን ጥይት አግኝቶት ያነክሳል። ከባሌ ጋር ሲገናኙ ባሌ አንገቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ወንድሜ ከትከሻው በላይ እኔን እያየ ፈገግ አለ። ጓደኞቹ ጫካ ውስጥ «ሟች» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ኋላ አጫወተን። በእኔ ላይ አንዳች ቂም አልያዘም።

ቂም የያዘችው ሚስቱ ናት። እውነት አላት።

እኔ ያን ወረቀት ጽፌ ከጭቃ ሹሙ ቤት ስወጣ ወሬው አብሮኝ ወጥቶ ኖሯል። ወንድሜ ለሚስቱ መልእክት ልኮ ነበር፤ መልእክተኛው ግን ኬላ ተይዞ አራት ቀን ዘገየ። ወሬው በገበያተኛ አፍ ቀድሞት አንበሳሜ ገባ። ሴትዮዋ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ እንስራው ከጀርባዋ ሳይወርድ፣ አንድ መንገደኛ ባልሽ ሞተ አላት። አራት ቀን እውነት መስሏት አለቀሰች። ፊቷን ነጨች፤ ጸጉሯን ተላጨች። ኋላ ለሹሙ የተናገርኩትን እኔው አስቀድሜ አፍርሼው ኖሯል። መርዶ እንዲህ አይነገርም ብዬ የተሟገትኩት እኔ፣ ሳላስባት፣ ለእሷ ከሁሉም በከፋው መንገድ አስነግሬባት ነበር።

በፋሲካ ማግስት ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ ሄድኩ። ወንድሜ ከቤት ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ፤ በዚህ ነገር አልገባም አለ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ። ከጉንጯ ላይ የጥፍሯ ጠባሳ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«እንዲያው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሽኝም?» አለችኝ።

«አላሰብኩሽም» አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ ውሸት መጻፍ ይበቃኛል።

ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ አማለዱ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፤ ድንጋዩንም ከትከሻዬ አወረደችልኝ። ቤት አስገብታ አበላችን። እሷ ግን አብራን አልተቀመጠችም። እንጀራውን አቅርባ ወጣችና በጓሮ በኩል ድንች ስትቆፍር ዋለች። በመስኮቱ አያታለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ላቧን ጠረገች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ራሷን በጥቂቱ ዝቅ አደረገችልኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።